ከኋላዬ ገጭተህ ግማሹን ክፈል?

ሰሞኑን በአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ የትራፊክ ዝግጅት ላይ የቀረቡ እንግዳ «ከኋላ የገጨ ሁሉ ጥፋተኛ ነው የሚባለው ነገር ይቅር» ሲሉ ሰማሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት ጠብቆ መንዳት አይቻልም፤ ክፍተት ከተውክ ሌላው ይገባበታል፤ ስለዚህ ጉዳቱን ሁለቱም እኩል ይካፈሉ ባይ ናቸው። አዘጋጁ ተስማማ። ደዋዮቹም ተስማሙ። ሁሉም ከኋላ የገጩ ሰዎች ናቸው መሰለኝ።

«ሌላው ይገባበታል» ከሚለው ልጀምር። ይግባ! ምን ይሆናል? ርቀት መጠበቅ ማለት ከፊትህ ካለው መኪና ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ያህል ወደኋላ መቅረት ነው። አንዱ ሲገባብህ እግርህን ከነዳጁ ላይ ታነሳለህ፣ ሁለት ሰከንድ ገደማ ትዘገያለህ። ከመገናኛ ሜክሲኮ እስክትደርስ አሥር መኪና ቢገባብህ ሃያ ሰከንድ ነው። አንድ ቀይ መብራት ከዚህ በላይ ያስቆምሃል። ለሃያ ሰከንድ ብለህ የሰው መኪና የኋላ መብራት ታረግፋለህ?

እንግዳው ሕግም ጠቅሰዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት መኪና ሲጋጭ ኃላፊነቱ እኩል ነው ይላል አሉ። እውነት ነው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቁጥር 2084 ላይ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል፣ ጉዳቱንም ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ ይላል። ግን ምነው እዚያ ላይ ቆሙ? ንዑስ ቁጥር 3ን ማን ያንብብልን? አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የደረሰው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ የግማሽ ግማሹ ነገር ቀረ። ጥፋት ምን እንደሆነ ደግሞ ቁጥር 2035 ይናገራል፦ በሕግ ወይም በደንብ በግልጽ የተደነገገን የጣሰ ጥፋተኛ ነው። ርቀት ጠብቆ መንዳት የትራፊክ ደንብ ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ተፈትኖበታል። ተፈትኖበታል ተብሎ ይታሰባል ልበል።

«ድንገት ፍሬን ያዘብኝ።» ይህን ያልሰማ ትራፊክ ፖሊስ የለም። ፍሬን መቼ በቀጠሮ ተይዞ ያውቃል? ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ሲባል ባለበት ቀጥ እንደሚል የከተማው ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። የምታውቀውን ነገር እንዴት ድንገት ትለዋለህ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የዜብራው ነገር ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ዜብራው ላይ ወጣች እንበል። ፊት ያለው ሹፌር ቆመ። የታዘዘውን አደረገ። ከኋላው ተለጥፎ የመጣው ሰውዬ ደረሰና ገጨው። በእንግዳው ሒሳብ ያ የቆመ ሰው የጉዳቱን ግማሽ ይከፍላል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ሰው አለመግጨቱ! ተገፍቶ እናትየዋን ቢነካትስ? እሱንም ይካፈሉ? ይሄ ሹፌር ነገ ዜብራ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው መንገደኛውን ሳይሆን የኋላ መስታወቱን ነው። የተለጠፈበት ካለ «ብቆም ያስከፍለኛል» ብሎ ያልፋል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። አሁንም ቢሆን ዜብራ ላይ ስትቆም ከኋላ ክላክስ ይጮህብሃል። ክላክሱ አልበቃ ብሎ ደግሞ የጋራዥ ሒሳብ ይምጣብህ? እንግዳው ይህን አስበውበት ከሆነ ጉድ ነው። ካላሰቡበት ደግሞ ማይክ ፊት ምን አስቀመጣቸው?

ችሎታ አለኝ ባዩም አይነሳብኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ120 ስትነዳ 33 ሜትር ነው። አይተህ፣ ገብቶህ፣ እግርህ ፍሬኑን እስኪረግጥ ያቺ አንድ ሰከንድ ታልፋለች። በሦስት ሜትር ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ገና ሳያስብ ደርሷል። ያውም መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ከሆነ ነው። በክረምት ዝናብ ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ስትወርድ፣ ወይም ከኋላህ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ሲመጣ፣ ሒሳቡን ራስህ ሥራው።

እሺ፣ ሰንጥቆ ገብቶ ወዲያው ፍሬን የሚይዝ አለ። ዳገት ላይ ወደኋላ የሚንሸራተት አለ። የፍሬን መብራቱ ከጠፋ ዓመት ያለፈውም አለ። እነዚህ የፊተኛው ጥፋት ናቸው። ይህንን ማስረዳት ያለበት ግን ከኋላ የገጨው ሰው ነው። ለመኪናው ቴፕና ለመቀመጫ ልብስ የሚያወጣ ሰው ትንሽ ካሜራ መግጠም አያቅተውም። ፕላን ሊያነሳ፣ ማለትም የአደጋውን ንድፍ ሊሥል ለመጣው ትራፊክ ቪዲዮውን ያሳይ። ማስረጃ ከሌለው መኪናዬን ጋራዥ ወስዶ ያሠራልኝ።