ሶላር ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ተማሩ

«የሶላር ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ሰርተፊኬትም አለኝ፤ የሚቀጥረኝ ግን አጣሁ።» ሰሞኑን ይህን የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። ሰነፎች አይደሉም። ከኪሳቸው ከፍለው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው የተማሩ ናቸው። የአምስት ቀን ወይም የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስደው ሲወጡ ሥራ የሚያገኙ መስሏቸው ነበር።

ዘርፉ እያደገ ነው መባላቸው ውሸት አይደለም። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በሶላር ፓኔል ዘርፍ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይሠሩ ነበር። ከታዳሽ ኃይል ዘርፎች ሁሉ ብዙ ሠራተኛ ያለው ይሄኛው ነው። ከግማሽ የሚበልጡት ግን ያሉት ቻይና ነው፤ አብዛኛው የዓለም ፓኔል የሚመረተው እዚያ ስለሆነ። ለሌላው ዓለም በብዛት የሚቀረው ፓኔሉ ከካርቶኑ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ነው። መንደፍ፣ መትከል፣ ማገናኘት፣ መጠገን። ይህን ደግሞ ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊሠራው አይችልም፤ ጣሪያው ያለበት ቦታ መገኘት ግድ ነው።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ዋናው ሙያ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሶላር እሱ ላይ የሚጨመር ዕውቀት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ሥራ ለማግኘትም፣ ካገኘ በኋላ ለመቆየትም ይቸገራል።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ስምንት ፓኔል ያለው ሲስተም «ኃይል አነሰው» ተብሎ ተጠራን። ፓኔሎቹ አራት አራት ሆነው በሁለት መስመር ተያይዘዋል። እኔና ጓደኛዬ ፓኔሎቹን አጠብን። ለውጥ የለም። ኢንቨርተሩን፣ ከፓኔል የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረውን መሣሪያ፣ አጥፍተን አበራነው። ያው ነው። «በቃ ኢንቨርተሩ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ልንል ስንል፣ አብሮን የነበረው አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ከቦርሳው ክላምፕ ሜትር አወጣ፤ ኬብል ሳይቆረጥ በውስጡ የሚፈሰውን ከረንት የሚለካ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ኬብል ያዘበት፤ 9 አምፒር። ሁለተኛውን ያዘበት፤ ዜሮ።

ከዚያም አልተቻኮለም። ኢንቨርተሩን አጠፋ። ከፓኔሎቹ የሚመጣውን መስመር የሚያቋርጠውን የዲሲ ብሬከር አወረደ። በሜትሩ እንደገና አየ። ከረንት አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኬብሉን በእጁ እየተከተለ የሄደው። ሦስተኛው ፓኔል ሥር ቆመ። ማገናኛው ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣሟል። ወንዴው የአንድ ፋብሪካ፣ ሴቴው የሌላ ፋብሪካ ሥሪት ናቸው። ሲያዩዋቸው ልክክ ያሉ ይመስላሉ፤ ውስጥ ያለው ብረት ግን በደንብ አልተገናኘም። በዚያ ላይ የኬብሉ ጫፍ የተጨመቀው በተራ ፒንሳ ነው። የላላው ቦታ ጋለ፣ ሙቀቱ ፕላስቲኩን በላው። ከጣት የማትረዝም ማገናኛ የሲስተሙን ግማሽ ይዛ ጠፋች። እሳት አለመነሳቱ ራሱ ዕድል ነው።

ያ ሰው ማገናኛውን ከመንካቱ በፊት ለምን ያን ያህል እንደተጠነቀቀ የገባኝ ቆይቶ ነው። የቤት መብራት ኤሲ ነው፤ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ፤ 50 ኸርዝ ከሆነ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ብልጭታ ቢነሳም የመጥፋት ዕድል አለው። ከፓኔል የሚመጣው ዲሲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ እንዲህ ያለ ፋታ የለውም። ከረንት እያለፈበት ማገናኛ ከተነቀለ ብልጭታው ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ብረት ያቀልጣል፣ እጅና ፊት ያቃጥላል። ፓኔልን ደግሞ ፀሐይ እስካለች ድረስ ማጥፋት አይቻልም። ብሬከሩን ብታወርዱም ከፓኔሉ እስከ ብሬከሩ ያለው ኬብል ቮልቴጅ አለበት። አጫጭር ኮርሶች ላይ ይህ በአንድ ስላይድ ሲታለፍ አይቻለሁ። ያናድደኛል። የሰው ሕይወት ነው።

አሁን ሰው የመቅጠር ዕድል ስለገጠመኝ ኢንተርቪው ላይ አንድ ጥያቄ አዘወትራለሁ። «ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ምን ይሆናል?» ብዙዎች «ይቀንሳል» ይላሉ፤ ፀሐይና ሙቀት አንድ ስለሚመስሏቸው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። ከዚያ በታች በወረደ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። አስቡት፤ 48 ቮልት የሆኑ 12 ፓኔሎች ተከታትለው ሲያያዙ 576 ቮልት ይሆናሉ። 600 ቮልት የሚችል ኢንቨርተር ካለ «ይበቃል» ያሰኛል። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን ያው መስመር 628 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ዋስትናውም አይሸፍነውም። ይህ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ማባዛትና መደመር ለሚችል ሰው የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ቮልቴጅና ከረንት ለተምታቱበት ሰው ግን ገደል ነው።

ስለዚህ የምመክረው መንገድ ረዘም ይላል። አንድ ሁለት ዓመት ወስዶ መሠረታዊ የኤሌክትሪክ ተከላ መማር። ከዚያ በረዳትነት መግባት፤ ኬብል መጎተትና መሰላል መያዝም ቢሆን። የሶላር ኮርሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ አምስት ቀኑም ይበቃል። ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው የሶላር ሥራ ቢቀዘቅዝ እንኳ እጁ ላይ ሌላ ሥራ አለው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ዘርፉ በመንግሥታት ፖሊሲና በድጎማ የሚወጣና የሚወርድ ነውና።

ጣሪያ ላይ የማይወጣ ሰውም ቦታ አለው። ንድፍ፣ ሽያጭ፣ ሒሳብ፣ መጋዘን፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር። ከነዚህ ሽያጭን ለይቼ አንድ ነገር ልበል። ደንበኛው ቤት ምን ምን እንዳለ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስም ያበላሻል። ባትሪው ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሲያልቅ ስድቡን የሚሰማው የተከለው ልጅ ነው።

ሴቶች እህቶቻችንን «ጣሪያ ለናንተ አይሆንም» የሚል ሰው አሁንም አለ። አትስሙት። ይህ ሥራ ከጉልበት በላይ ጥንቃቄና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ስለ ጣሪያ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የቀድሞ አለቃዬ «ቶሎ ነው የምትወርደው» ብሎ ያለ ደህንነት ቀበቶ አውጥቶኛል። እርጥብ ቆርቆሮ ነበር። እግሬ ሲንሸራተት የያዝኩት የፓኔሉን ፍሬም ነው፤ እሱ ባይኖር ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሥራ ለማግኘት ስትጓጉ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ያለ ቀበቶ አትውጡ። የሚያባርራችሁ ቢኖር ያባርራችሁ።

ከሁሉ በላይ ወጣቶች እንዲያስቡበት የምፈልገው ጥገናን ነው። ሁሉም ተከላ ይላል፤ ፎቶው የሚያምረው እሱ ስለሆነ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ የተተከለው ሶላር 1,000 ጊጋዋት አልፏል። ፓኔል ብዙ ጊዜ የ25 ዓመት የኃይል ዋስትና አለው፤ ኢንቨርተር ግን በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው ዕድሜው። ይህ ማለት አብዛኛው ሲስተም በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ ኢንቨርተር ይቀየርለታል። ባትሪ ካለው እሱም ይቀየራል። ማገናኛ ይላላል፣ አይጥ ኬብል ይበላል፣ ያልነበረ ዛፍ አድጎ ጥላ ይጥላል። የአንድ ቤት ተከላ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሃያ ምናምን ዓመት የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ብልሽት ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ከሚተክለው ሰው በጣም ያነሰ ነው።

ብልሽት ፈልጋችሁ ማግኘት እንደምትችሉ የሚያሳይ ማስረጃ ራሳችሁ መሰብሰብ ትችላላችሁ። ደብተር ያዙ። የነካችሁትን እያንዳንዱን ሲስተም መዝግቡ፤ ቀኑን፣ ከጥገና በፊት የለካችሁትን፣ ያገኛችሁትን ችግር፣ ከጥገና በኋላ የለካችሁትን። የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ ፎቶ አንሱ። እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የመጣ ልጅ ካለ፣ ከሲቪው በፊት እሱን ነው የማነበው።

ከዚያ አንድ ኬብል፣ አንድ ጥንድ ማገናኛና መጭመቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። «ግጠምልኝ» እላለሁ። ሽቦውን ሲልጥ ክሩን እንዳይቆርጥ ይጠነቀቃል ወይ? ማገናኛዎቹ የአንድ ፋብሪካ መሆናቸውን ገልብጦ ያያል ወይ? ሲጨርስ ኬብሉን በሁለት እጄ ይዤ በደንብ እጎትተዋለሁ።