ሐዲዱን ከመወልወል መጋጠሚያውን እዩ
ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ሞዴል ባቡሮች የሚያስኬደው ክለብ «ባቡሮቹ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ሲደርሱ የሚያዘግሙት ሐዲዱ ስለቆሸሸ ነው» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ቆሻሻ ቢሆን የትም ቦታ ያንገጫግጫቸው ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚደክሙ ከሆነ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። እኛም ክለብ ውስጥ ስንት ወር ሐዲድ በአልኮል ስንወለውል ከርመን ነው የገባን። ጥፋቱ ሐዲድን ከሐዲድ የምታያይዘው ትንሿ የብረት መጋጠሚያ ላይ ነበር፤ ስትሰካ ጥብቅ ትላለች፣ ቀለምና ሙጫ ሲገባባት ግን ሥራዋን ትተዋለች። መቆጣጠሪያው አጠገብ በቴስተር 12 ቮልት፣ ባቡር እየሄደ ጫፉ ላይ ስንለካ 9 እንኳ አይሞላም! መድኃኒቱ ከመቆጣጠሪያው የሚነሳ ወፍራም ሽቦ፣ ለግራና ለቀኝ ሐዲድ ለየብቻ፣ ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ፣ ከእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ቀጭን ሽቦ በስታኞ በይዶ እሱ ላይ ማገናኘት ነው። ብየዳው ላይ አትቆዩ፣ ሐዲዱን የያዙት የፕላስቲክ አግዳሚዎች ይቀልጣሉ። እኔ ስድስቱን አቅልጬ በጠጠር ሸፍኛቸዋለሁ፣ እስካሁን ያየ የለም። በአስተያየትህ «ሎኮሞቲቮቹን ቀይሩ» ያልከው ወንድሜ፣ አዲሱም እዚያው ነው የሚቆምብህ። በዲጂታል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ባቡር ትእዛዝ በሐዲዱ በኩል እየላኩ፣ የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ ሁለቱን ሐዲዶች የሚያገናኝ ሳንቲም ጣል አድርጉ፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን ካልቆረጠ ሽቦው አልበቃም ማለት ነው፣ ሳንቲሙን ግን ሳይግል ቶሎ አንሱት።