ኬሞው ከመሰረዙ በፊት ክንድ ላይ ይሞከር

ቸርችል ጎዳና፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ደጃፍ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ወሬ አያጣውም። «ኬሞው አልተስማማትም፣ መሃል ላይ አቋረጡት። አሁን ሌላ ፈልጉ ተብለናል።» ሌላው ደግሞ ወይ ውድ ነው፣ ወይ የለም።

እኔ የምለው፣ ሌላ ከመፈለጉ በፊት የመጀመሪያው በደንብ ይጣራ።

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ላይ ያስመለሰው ሁሉ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። መድኃኒቶቹም ጠባያቸው ይለያያል። ፓክሊታክሴል ካስቸገረ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር ነው፣ ያውም መንጠብጠብ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ። ካርቦፕላቲን ግን አድብቶ ነው የሚመጣው። አምስት ስድስት ዙር በሰላም ያልፋል። ካንሰሩ አገርሽቶ እንደገና ሲጀመር፣ ሰባተኛው ስምንተኛው ላይ መዳፍ ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

የቆዳ ምርመራ በተለይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፔኒሲሊን ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን ላይ የተሞከረብን ብዙ ነን። ካርቦፕላቲንም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የመድኃኒቱ ጠብታ ያረፈበት ቆዳ በመርፌ ጫፍ ጫር ይደረጋል። ምንም ካልታየ መድኃኒቱ በጣም ቀጥኖ፣ በጠብታ መጠን ቆዳ ውስጥ ይወጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጠብቆ እብጠቱ ይለካል። በማግስቱ ግን አይሠራም፤ ከአለርጂው በኋላ ቶሎ ከተደረገ ሊያታልል ስለሚችል ጥቂት ሳምንታት መቆየት ይመከራል።

አለርጂ ነው ቢባል እንኳ በሩ አልተዘጋም። መድኃኒቱን ከኢምንት መጠን ጀምሮ፣ በ12 ደረጃ ከፍ እያደረጉ ሰውነትን የማለማመድ ዘዴ አለ። ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ነርስ ከአጠገብ አትጠፋም፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። አልጋ በወረፋ በሚገኝበት ከተማ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አላጣሁትም። የቆዳው ምርመራ ግን የሚፈልገው ጥቂት መድኃኒት፣ መርፌና የሠለጠነ ሰው ነው። ይህ ከአቅም በላይ ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

ካርድ ላይ «አለርጂ» ብሎ መጻፍ ብቻ ደግሞ ለማንም አይረባም። የትኛው መድኃኒት? ስንተኛው ዙር? ከተጀመረ በስንት ደቂቃው? ምን ታየ፣ ምን ተሰጠ? አስታማሚዎችም ብትሆኑ ሰዓቱን ያዙ፤ ሽፍታው ሳይጠፋ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለሐኪሙ አሳዩት።