ጎንበስ ያለ ሕዝብ ይባረክ

ኢትዮጵያውያን በምንም ነገር አንስማማም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከላምበረት መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። እኛን የምታስማማ አንዲት ቃል አለች። ረዳቱ ነው የሚናገራት። «ጎንበስ!» በቃ። ሽማግሌው፣ ተማሪዋ፣ ነጋዴው፣ ባለ ክራቫቱ፣ እስካሁን በአርሴናልና በማንቼ ሲሰዳደቡ የነበሩት ሁለት ጎረምሶች ሳይቀሩ ሁሉም ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ጉልበታቸው መሀል ይቀብራሉ። ስብሰባ የለም። የአቋም መግለጫ የለም። አበል የለም። እንዲህ ያለ አንድነት ሳይ እንባዬ ይመጣል፣ ጎንበስ ስላልኩ ግን ወደ ግንባሬ ነው የሚፈሰው።

ለማያውቅ ላስረዳ። መኪናው እንዲጭን የተፈቀደለት 12 ሰው ነው። የጫነው 19 ነው። ሰባቱ በመንገድ ቋንቋ «ትርፍ» ይባላሉ። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ብልጭ ብልጭ ካደረገ ትራፊክ አለ ማለት ነው፣ ያኔ ትርፎቹ ከመስኮት በታች ይሆናሉ። እኔን የሚገርሙኝ ግን ባለ ወንበሮቹ ናቸው። ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ ቀና ብለው ቢሄዱ መብታቸው ነው። እነሱም ጎንበስ ይላሉ! ለአጋርነት። አንዳንዴ ሁላችንም አብረን ስለምንጠፋ ሹፌሩ ባዶ ሚኒባስ ይዞ ብቻውን ሽርሽር የወጣ ሀብታም ይመስላል።

ባለፈው ፋሲካ፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስሄድ እኔም ከሰባቱ አንዱ ለመሆን በቃሁ። አሠራሩ ንጹሕ ነው። መናኸሪያው ውስጥ 12 ሰው ይቆጠራል፣ መውጫ ይቆረጣል፣ ሁሉም ነገር በሕግ ነው። መኪናው ወጥቶ ጥጉን ሲዞር ሰባታችን ቆመን እንጠብቃለን። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ተጣራ። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብለን ሰባታችንም ተጋፋን። ሰባታችንም ገባን። ልጁ አልዋሸም፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው ነን።

ከወንበር ሥር ትንንሽ ዱካዎች ወጡ። ዱካ ያልደረሰው ጀሪካን ላይ፣ አንዱ ደግሞ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር አራት ያዘ። «አንተ ወጣ በል፣ አንቺ ገባ በይ፣ አንተ ወጣ፣ እማማ እርስዎ ገባ ይበሉ» እያለ እንደ ዚፕ አጋጠማቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ? ሰባት ትርፍ ሰው ለአንድ ሚኒባስ ሸክሙ ነው፣ ለኛ ግን ጌጣችን ነው። ስለ ቀበቶ የጠየቀ አልነበረም። ዱካ ላይ ለተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሱሪ ለማጥበቂያ ነው።

ከእኔ ዱካ አጠገብ ሌላ ዱካ ላይ የተቀመጡ እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እግራቸው መሀል ዘንቢል አስቀምጠዋል። ዘንቢሉ ውስጥ ገብስማ አውራ ዶሮ አለ። እግሩ ታስሯል፣ አንገቱን ግን አውጥቶ አንድ በአንድ ያየናል። ከሁላችንም ቀና ብሎ የተጓዘ እሱ ብቻ ነው።

ካራን እንዳለፍን ሒሳብ ተሰበሰበ። የታሪፉ እጥፍ። «በዓል ነው» አለ ረዳቱ። በዓል መሆኑን እናውቃለን፣ ለነዳጁ ግን ማን ነገረው? ደግነቱ ይህን የጠየቅኩት በሆዴ ነው። ከዚያ ትምህርት ተጀመረ።

«ስንት ከፈላችሁ ከተባላችሁ ምንድነው የምትሉት?»

«ታሪፉን!»

«አልሰማሁም!»

«ታሪፉን!»

እንዲህ ያለ የመዝሙር ጥናት ሰንበት ትምህርት ቤትም አይገኝም። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የተዘረፍነው እኛ ነን። ምስክርነቱን የምናጠናውም እኛ ነን። ሌላ አገር ሌባ ጠበቃ ይገዛል፣ እኛ ጋ የተሰረቀው ራሱ ጠበቃ ይሆናል፣ ያውም በነፃ። ይህ ደግነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሰንዳፋ ላይ ትራፊኩ አስቆመን። በመስኮት ጠጋ ብሎ «ከታሪፍ በላይ የከፈላችሁ አላችሁ?» አለ። «የለንም!» የሚል መልስ ከላይም ከታችም መጣ። ከታች የመጣውን ድምፅ ምን ብሎ እንደተረዳው አላውቅም፣ ምናልባት የመኪናው ሆድ ጮኾ ይሆናል። እጁን አወዛወዘልን፣ አለፍን። ጭብጨባ ነበር። ሸኖ ላይ ቆም ብለን ለፋሲካ ቅቤ ገዛን፣ ስለዚህ 19 ሰው ከነቅቤው ሆንን። የኔ አንድ ኪሎ ጭኔ ላይ ነበር፣ ከሙቀቱ የተነሳ ሳይነጠር ሊነጠር ምንም አልቀረው።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ነገሩ ረቀቅ ይላል። እዚያ ጎንበስ አይበቃም ተባለ። ከኬላው በፊት ሰባታችን ወረድን፣ በሁለት ባጃጅ ተከፋፈልን፣ ከተማዋን አቋርጠን ማዶ ልንጠብቅ ሄድን። የባጃጁን የከፈልነው እኛ ነን። ባለ ባጃጁ የት ናችሁ አላለም፣ ለምን አላለም። «ስንት ትርፍ ናችሁ?» ብቻ ነው ያለን። ማዶ ስንደርስ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ አንዲት ሻይ ሻጭ አግዳሚ ዘርግታ ጠበቀችን።

«ትርፍ ናችሁ አይደል? ተቀመጡ። ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚጭናችሁ።»

ደስ የሚል ነገር ነው። የሚያውቅህ ሰው በሌለበት ከተማ የሚያውቅህ ሰው ታገኛለህ። የሻይ ሻጯ ኑሮ፣ የባለ ባጃጆቹ ኑሮ፣ የሁሉም ኑሮ በኛ መደበቅ ላይ የቆመ ነው። እኛ አንድ ቀን ቀና ብለን ብንሄድ ስንት ቤት ይዘጋል! እማማን ሻይ ልጋብዝዎት አልኳቸው። «የለም ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይነካኝ፣ ሕማማት እኮ ነው» አሉኝ። ሰንዳፋ ላይ «የለንም!» ካሉት ድምፆች ሁሉ የእሳቸው ጎላ ያለ ነበር። ያ አፍ ውሃ አላስገባም፣ ያስወጣውን ግን ሰምቻለሁ።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ መኪናው ጥሎን ሄዶ ይሆን ብለን ተጨነቅን። ሻንጣችን ውስጥ ነው፣ ገንዘባችን ረዳቱ ኪስ ነው። ብቅ ሲል እንደ ሙሽራ መኪና እልል ልንል ምንም አልቀረንም።

ከዚያ ጣርማ በር ደረስን። ጉሙ እንደ ጋቢ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ከፊት ያለው ሲኖትራክ የሚታየው የኋላ መብራቱ ብቻ ነው። ሹፌራችን ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፣ ባንድ እጁ ስልክ ያወራል፣ ባንድ እጁ ይቀድማል። ከኋላ አንዱ «ኧረ ቀስ!» ቢል ሁለቱ የኳስ ጎረምሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። «ከፈራህ በእግርህ አትሄድም?» አሉት። ሌላው ደግሞ «እጁ ወርቅ ነው፣ ዝም ብለህ እይ» አለ። እይ ያለው ምኑን እንደሆነ አላውቅም፣ ጉም ነው ያለው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። መቼም ይህን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስቶ ወደ ሮቢት ሙቀት፣ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ጥምዝ በጥምዝ ነው። ለ12 ሰው የታሰበ ፍሬን 19 ሰው ከነቅቤው ይዞ ሲወርድ ይግላል፣ በጣም ሲግል ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፣ ለዚያ ነው አዋቂ ሹፌር በከባድ ማርሽ ይዞ የሚወርደው። የኛ ጀግና ማርሽ መቀነስ እንደ ሽንፈት ነው የሚያየው። የፍሬን ሸራ ሽታ ገባ። «ምንድነው የሚሸተው?» አልኩ። ረዳቱ «ደብረ ሲና ቆሎ እየቆሉ ነው» አለኝ። አመንኩት። ማመን ደግሞ ከመውረድ ይቀላል።

እንዲህ ባለ ቁልቁለት መኪና ሲገለበጥ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። «ነፍስ ይማር። መንግሥት የት ነው ያለው? ትራፊክ ፖሊስ ምን ይሠራል?» እንላለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው ግን እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብለን ነው፣ ለስልክም ይመቻል።

ደብረ ሲና ስንገባ ሌላ መብራት ብልጭ አለ። «ጎንበስ!» ቆሎ ሻጮቹ ልጆች መኪናውን ከበቡት። እነሱ ለምደውናል፣ ከታች መሆናችንን ስለሚያውቁ መስኮቱን ወደታች ነው የሚያንኳኩት። ራስ የለም፣ እጅ ብቻ ብር ይዞ ከሥር ይወጣል፣ ቆሎ ይዞ ይገባል። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ትራፊኩ ነበር። ቆሎ የሞላ አፋችንን ይዘን ቀና አልን።

«ውረዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» 19 ላይ ሲደርስ ብዕሩን አወጣ። ያኔ የሆነውን ብታዩ ትኮሩ ነበር። ሹፌሩ አፉን ሳይከፍት እኛ ለመንንለት። «አለቃ፣ በእናትህ፣ የቤተሰብ ኃላፊ ነው!» «በዓል ነው፣ እለፈው!» ሰውዬው ግራ ገባው።

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው» አለ።

እማማ እጃቸውን ዘርግተው «ለእኛ ብለህማ እለፈን ልጄ» አሉት።

አላለፈም። ወደ አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ ዞሮ «ስንት ከፈልክ?» አለው። ከሰባታችን አንዱ ነው፣ ጀሪካን ላይ የነበረው። ልጁ ቆጥሮ ነገረው። እጥፉን። እንዲያው ዝም ብሎ፣ ስንት ሰዓት ነው እንደተባለ ሰው፣ ነገረው። አየሩ ቀዘቀዘ። ትራፊኩ ወደኔ ዞረ።

«አንተስ? እውነቱን ነው?»

ረዳቱ አየኝ። ሹፌሩ አየኝ። 17 ሰው አየኝ።

«እኔ እንኳን... ታሪፉን ነው የከፈልኩት።»

ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ገብስማ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጮኸ።

አልፈጠርኩትም። በጸሎተ ሐሙስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጮኸ። ለቅጽበት ሁሉም ዝም አለ። ጴጥሮስ ያኔ ምርር ብሎ አልቅሷል። እኛ ሳቅን። ትራፊኩም ትንሽ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ጽፎ ጨረሰ። ሹፌሩ ተቀጣ፣ ትርፎቹ እንዲወርዱ፣ ብልጫው እንዲመለስ ታዘዘ። «የኔ ይቅር» አለ አንዱ። «የኔም ይቅር፣ በዓል ነው» አለች ሌላዋ። እኔ ደግሞ ታሪፉን ነው የከፈልኩት ብያለሁ፣ ምን ይመለስልኛል? ገንዘቡን የተቀበለው ባለ መነጽሩ ብቻ ነው። ቅጣቱን አዋጥተን ሸፈንለት።

የተቀረው እንደ ደብረ ብርሃኑ ነው። ሰባታችን በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብለን ጠበቅን። መኪናው መጣ። ስድስታችን ገባን። ባለ መነጽሩ እግሩን ሲያነሳ ረዳቱ እጁን ዘረጋ። «አንተ ወንድሜ ሌላ መኪና ፈልግ፣ ሞልቷል።» ሻንጣውን በመስኮት አቀበለው። ልጁ ሁላችንንም አየን። እኛ ጎንበስ ብለን ነበር፣ ያውም ማንም ሳያዘን።

መቶ ሜትር ሳንሄድ ቆመን። «ሮቢት! አንድ ሰው ብቻ!»

ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነበር። እማማን ዘንቢሉን ተቀብዬ አወረድኩላቸው። «ተባረክ። በል አንተን ደግሞ ቅዳሜ ማታ እናገኝሃለን» አሉ። እኔን መስሎኝ ደነገጥኩ። ዶሮውን ነው።

ማክሰኞ ስመለስ ረዳቱ ሌላ ልጅ ነበር። «ብሮ፣ ወንበር የለም፣ ትርፍ ነህ» አለኝ። «አውቃለሁ» ብዬ ገባሁና ዱካዋን ከወንበሩ ሥር ራሴ አወጣኋት። ደብረ ሲና ስንደርስ አንዲት ልጅ ዘንቢል ይዛ ገባች። ውስጡ ያለውን ሳላይ ጎንበስ አልኩ።