ጥያቄ ላይ ኮከብ ስለተለጠፈበት ጌም አይሆንም

ለልጆች ተብለው የሚሰሩ የትምህርት ጌሞች አብዛኞቹ ፈተና ናቸው፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። «ለ» የትኛው ነው ይላል፣ ልጁ ይነካል፣ ይጨበጨብለታል፣ ኮከብ ያገኛል፣ ቀጥሎ ያው ነው። ፊደሉን አውጥተህ የመደመር ጥያቄ ብትከትበት ጌሙ ምንም አይለወጥም፣ ማለትም ትምህርቱና ጨዋታው አይተዋወቁም። ልጁ ሲሰለቸው ደግሞ ግራፊክሱ ነው ተብሎ ቀለምና ሙዚቃ ይጨመርበታል።

ግራፊክስ አይደለም። ኦሪገን ትሬይልን እዩ፣ በፈረንጆቹ 1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዶን ራዊች የሚባል የማስተማር ልምምድ ላይ የነበረ ወጣት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሰራው የታሪክ ጌም ነው፣ በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ስለሄዱ ሰፋሪዎች። ስክሪን እንኳን አልነበረውም! ተማሪዎቹ ቴሌታይፕ (ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ የፅሕፈት መኪና) ላይ ይፅፋሉ፣ መልሱ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣል፣ እንደዛም ሆኖ ወደውት ነበር ምክንያቱም ለጉዞው የተሰጠህን ብር ጥይት ላይ ከጨረስከው መንገድ ላይ ልብስና ምግብ ያጥርሃል፣ ተሳስተሃል የሚል ድምፅ አያስፈልግም ውሳኔህ ራሱ ይነግርሃል።

ኖርዌይ የተሰራው ድራጎንቦክስ የሚባለው ጌምም (በፈረንጆቹ 2012) እንደዛው ነው። አልጀብራ ነው ግን ሲጀመር በስዕል ካርዶች ነው፣ ሳጥኑን ብቻውን ማስቀረት አለብህ፣ ለአንዱ ወገን የጨመርከውን ለሌላውም ትጨምራለህ፣ እየቆየ ስዕሎቹ በቁጥርና በፊደል ይተካሉ። እርግጥ ወረቀት ላይ ካለው ሒሳብ ጋር የሚያገናኝለት መምህር ያስፈልጋል።

የኛ ፊደል ለዚህ የተመቸ ነው እኮ። 33 በ7፣ 231 ፊደል አንድ በአንድ ይሸመደድ ከተባለ ማንም ይሰለቻል፣ ግን ውስጡ ስርዓት አለ። የ«ለ»ን ቀኝ እግር ስታስረዝም «ላ» ይሆናል፣ የ«በ»ንም እንዲሁ «ባ»። ልጁ ለና በ ተሰጥቶት እግር እያስረዘመ «ላባ» ብሎ ቢሰራና ወፏ ላባ ብታወጣ፣ ተሳስቶ «ሊባ» ካለም ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ራሱ ቢያስተካክል፣ ጨዋታው ራሱ ማንበብ ሆነ ማለት ነው። እንደ ሳድስ (ስድስተኛው፣ ለምሳሌ «ል») ያሉት ወጥ ያልሆኑት ደግሞ ለከባዱ ሌቭል ይቆዩ። ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም አማርኛ እየሰሙ አድገው ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ድምፁ ጆሯቸው ውስጥ ስላለ በጣም ይጠቅማቸዋል።

አፕ የምትሰሩ ልጆች፣ እባካችሁ ዲዛይነር ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ የ1ኛ ክፍል መምህር ጋ ቁጭ በሉና ልጆች የትኛው ፊደል ላይ እንደሚደናገሩ ጠይቁ፣ ሌቭሎቹን ከዛ ጀምሩ።