ባለ 88 ቁጥሩ ማሊያ

ጃንዋሪ 11 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ማታ። ደቡብ ፊላደልፊያ፣ ፓቲሰን ጎዳና ላይ ካለው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ደጃፍ አንድ አባትና አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጁን ጫንኩ። ሁለቱም ብርቱካናማ ማሊያ ለብሰዋል። ልጁ ድምፁ ተዘግቷል፤ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ነው። የከተማው ቡድን ፍላየርስ የካሊፎርኒያውን አናሃይም ዳክስን 6 ለ 0 እንደ ረታ በሬዲዮ ሰምቼ ስለነበር፣ «ጎል ሲገባ እየጮህክ ነው እንዲህ የሆንከው?» አልኩት።

«ለጎሉ አይደለም» አለ። «ጎቲዬ ላይ ስጮህ ነው።»

«ምን አደረገህ?»

«አልፈልጋችሁም አለን።»

አባትየው ሳቅ አለ። ሲገቡ የማሊያውን ጀርባ አይቼው ነበር። 88 ቁጥር፣ ከላይ ሊንድሮስ የሚል ስም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ማሊያ ነው።

እዚሁ ፊላደልፊያ ባልቲሞር አቬኑ ላይ ቡና ስንጠጣ የእኛ ሰው ወሬው አርሰናልና ማንቸስተር ስለሆነ፣ ሆኪ ብዬ ስጀምር ፊቱን ያዞርብኛል። እኔም ሆኪን የለመድኩት በሥራ ነው። የጨዋታ ማታ ገበያው ደህና ነው፤ ሲያሸንፉ ደግሞ ቲፑ ይወፍራል። መጀመሪያ ለኪሴ ብዬ እንዲያሸንፉ እመኝ ነበር፤ በኋላ ለኪሴ መሆኑ ቀረ።

ስለዚህ ላልተከታተለ ሰው ነገሩን ከሥሩ ላውራ። ከተር ጎቲዬ በ2022 ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ድራፍት ፍላየርስ በ5ኛ ተራ የመረጡት ልጅ ነው። ድራፍት ማለት ክለቦች ተራ ይዘው 18 ዓመት የሞላቸውን ታዳጊዎች ስም እየጠሩ የሚከፋፈሉበት ዝግጅት ነው። ልጁ ስሙ ሲጠራ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ማሊያና ኮፍያ ያጠልቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሊጉ ውስጥ ሊያስፈርመው የሚችለው የመረጠው ክለብ ብቻ ነው። በእኛ እግር ኳስ ዝውውር ሲባል ክለቦቹ ቢስማሙ እንኳ ተጫዋቹ እሺ ካላለ ነገሩ ይቀራል። እዚህ ግን ሰው በሰው ይለወጣል። ስሙ የገነነ አንጋፋ ተጫዋች «ያለ ፈቃዴ አልሰጥም» የሚል አንቀጽ በውሉ ሊያስገባ ይችላል፤ ወጣት ግን ጠዋት ካሊፎርኒያ ልምምድ ላይ ውሎ ማታ የፊላደልፊያ ንብረት ሊሆን ይችላል። ማንም አይጠይቀውም።

ፍላየርስ ዋንጫ የወሰዱት በ1974 እና በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ የለም። በ2023 ፀደይ ክለቡን የተረከቡት አዲሶቹ ኃላፊዎች፣ ፕሬዚዳንቱ ኪት ጆንስና ሥራ አስኪያጁ ዳንኤል ብሪዬር፣ ለደጋፊው በግልጽ የነገሩት ቡድኑ ከመሠረቱ እንደሚገነባ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደማለት ነው። እንዲህ የተባለ ደጋፊ ዛሬ የሚያየው ነገር ስለሌለው የነገውን ያያል። በዚህ ከተማ የነገው ስም ጎቲዬ ነበር። ገና አንድም ጨዋታ ያልተጫወተላቸውን ልጅ፣ ቦስተን ኮሌጅ ሆኖ ያገባውን ጎል በስልክ እያዩ፣ ከማን ጋር ቢሰለፍ እንደሚሻል የሚከራከሩ ተሳፋሪዎች ብዙ ጊዜ ጭኛለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ፤ ግን በምድር ላም ለሌለው ሰው የሰማዩዋ ትልቅ ነገር ናት፤ አልቀልድበትም።

ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ፍላየርስ ከፒትስበርግ ጋር እየተጫወቱ ሳለ ወሬው ወጣ። ጎቲዬ ለአናሃይም ተሰጥቷል፤ በምትኩ ጄሚ ድራይስዴል የሚባል ወጣት ተከላካይና በ2025 ድራፍት በሁለተኛው ዙር አንድ ታዳጊ የመምረጥ ተራ መጥቷል። ልጁ ከሦስት ቀን በፊት ስዊድን ውስጥ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወርቅ አጥልቋል። ኃላፊዎቹ ያን ማታ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ ልጁ ለፍላየርስ አልጫወትም ማለቱን ካሳወቃቸው ወራት አልፈዋል። ምስጢሩን ይዘው ሊያግባቡት ሞከሩ። እስከ ስዊድን ድረስ ሄዱ። አላገኛቸውም።

እዚህ ላይ ከጎቲዬ ጋር እጣላለሁ። ሽማግሌ ባሕር ተሻግሮ ደጅህ ሲመጣ በር ይከፈታል። «አይሆንም፣ አልመጣም» ማለት መብት ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው የሚባለው። እሱ ይህን አላደረገም፤ ነውር ነው። የ19 ዓመት ልጅ መሆኑ ነውሩን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከነውርም አለፈ። ልጁ ኋላ ራሱ እንደተናገረው የግድያ ዛቻ ሳይቀር በስልኩ ጎርፎበታል። ከልጁ ሌላ ጥፋተኛ መፈለግም ተጀመረና፣ ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ወደ ሴንት ሉዊስ የተሰጠው የፍላየርስ ተጫዋች ኬቨን ሄይስ «እሱ ነው ልቡን ያሸፈተው» ተባለ። የቦስተን ኮሌጅ ሰው መሆኑ ብቻ ለጥርጣሬው በቂ ሆነ። ሄይስ ወጥቶ ማስተባበል ነበረበት። ከዓመት በኋላ ጎቲዬ የአናሃይምን ማሊያ ለብሶ ሲመጣ፣ ፓኩ፣ ማለትም በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ፣ ዱላውን በነካ ቁጥር አዳራሹ በአንድ አፍ «ቡ!» ይላል፤ መሐል መሐል ደግሞ እዚህ የማልጽፈው ስድብ አለ። የኔ ተሳፋሪ ልጅ ያን ስድብ ብሎት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ አባትየው ፊት ማሳፈር ይሆናል።

ፊላደልፊያ በዚህ አዲስ አይደለችም። ጄ ዲ ድሩ የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች በ1997 የከተማዋ ቡድን ፊሊስ መርጦት አልፈርምም ብሎ ነበር። በኦገስት 1999 የሴንት ሉዊስን ማሊያ ለብሶ ሲመጣ የባትሪ ድንጋይ ወረወሩበት። እውነተኛ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ። ያን ቀን ጨዋታው ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

እንግዲህ ወደ 88 ቁጥር እንምጣ። ኤሪክ ሊንድሮስን በ1991 ድራፍት አንደኛ አድርገው የመረጡት ኬቤክ ኖርዲክስ ናቸው። መድረክ ላይ ወጣ፤ ማሊያቸውን አልለብስም አለ። ዓመት ሙሉ ሳይፈርምላቸው ቆየ። በ1992 ኬቤኮች ጨንቋቸው ለመስጠት ሲነሱ ለሁለት ክለብ በአንድ ጊዜ ሰጡት፣ ለፍላየርስም ለኒው ዮርክ ሬንጀርስም። ጉዳዩ ለገላጋይ ዳኛ ቀረበ፤ ጁን 30 ለፊላደልፊያ ተፈረደ። ፍላየርስ የከፈሉት ዛሬም ሲቆጠር ያስደነግጣል፤ ስድስት ተጫዋቾች፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችና 15 ሚሊዮን ዶላር። ከስድስቱ አንዱ ፍላየርስ ከዓመት በፊት በ6ኛ ተራ የመረጡት፣ ገና ስዊድን ያለ ፒተር ፎርስበርግ የሚባል ታዳጊ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ሊንድሮስ ኬቤክ ሊጫወት ሲሄድ ሕዝቡ ሕፃን የሚያባብሉበትን የጎማ ጡት ወረወረበት። የፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ከተማ ሰዎች የተናቁት እነሱ እንደሆኑ ነው የተሰማቸው። ፊላደልፊያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ደስታ ላይ ነበረች። ልጁ የሰው ከተማ አልፈልግም ብሎ ነው ወደ እሷ የመጣው፤ ይህ ማንንም አልከነከነም። አምበል አደረጉት፤ በ1995 የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ በጃንዋሪ 2018 ቁጥሩን ጨርቅ ላይ አድርገው ለክብሩ ከአዳራሹ ጣሪያ ሰቀሉለት። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ጎቲዬ ላይ የጮሁት እንግዲህ ከዚያ ጨርቅ ሥር ተቀምጠው ነው።

ስኩልኪል አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመን ስለነበር አባትየውን ጠየቅሁት። ሊንድሮስስ ያደረገው ይህንኑ አይደለም ወይ?

«ያኛው ሌላ ነው» አለኝ።

«ምኑ ነው ሌላ?»

ቆየና መለሰልኝ፤ መልሱም ባዶ አልነበረም። «ሊንድሮስ ገና ሳይመርጡት አልመጣላችሁም ብሏቸዋል፤ ያላቸውን ሳይሰሙ መረጡት። ይሄኛው ግን ማሊያችንን ለብሶ፣ ስቆ፣ የናንተ ነኝ ብሎ ነው የከዳን።»

ለዚህ ክርክር ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ። ጎቲዬ በተመረጠ ሰሞን ለፍላየርስ የተፈጠረ ሰው ሆኖ ነበር የሚያወራው። ግን በዚያ ንግግርና በእምቢታው መካከል ምን ሆነ? እሱን የመረጠው ሥራ አስኪያጅ ቸክ ፍሌቸር በማርች 2023 ተባረረ። ሌላ ፕሬዚዳንት፣ ሌላ ሥራ አስኪያጅ፣ ሌላ ዕቅድ መጣ። የልጁ ምክንያት ይህ ነው እያልኩ አይደለም፤ እሱ ምክንያቱን ዘርዝሮ ለሕዝብ አልተናገረም። ክለቡ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አለቆቹንም ሐሳቡንም ሲቀይር ግን ማንም «ከዳን» አላለም። ብልህነት ተባለ። የ18 ዓመት ልጅ 19 ሲሞላው ሐሳቡን ሲቀይር ነው ክህደት የሆነው።

ጎቲዬ ከመምጣቱ ከዓመት በፊት ስለተለወጠው ስለ ድራይስዴል ደግሞ ማንም አላወራም። በ2020 አናሃይም በ6ኛ ተራ የመረጡት የቶሮንቶ ልጅ ነው። በ2022 ትከሻው ተጎድቶ ያን ዓመት ከስምንት ጨዋታ በላይ አልተጫወተም፤ ድኖ እግሩን መትከል ሲጀምር 21 ዓመቱ ላይ ከቅርብ ጓደኛው ከትሬቨር ዜግራስ ለይተው ሰጡት። እሱ ማንንም አልፈልግም አላለም። ሌላ ልጅ ሌላ ከተማ ስላልፈለገ ብቻ አገር አቋርጦ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 10፣ ለፍላየርስ ተሰለፈ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። ያጨበጨቡለት ለመጣው ለእሱ ይሁን ላልመጣው ለጎቲዬ ንዴት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዜግራስንም በጁን 2025 አናሃይም ለዚሁ ለፍላየርስ ሰጡት፤ ሁለቱ ጓደኛሞች እንደገና በአንድ ማሊያ ተገናኙ። እሱም ቢሆን የእነሱ ምርጫ አልነበረም።

ደጋፊውን አልፈርድበትም የሚል ሰው ካለ ግን እኔ ትንሽ እፈርድበታለሁ። በዚህ ሊግ በየዓመቱ ክለቦች ልጆችን ሳይጠይቁ ይሰጣሉ፤ ያን ጊዜ ደጋፊው «ሥራ ነው» ብሎ አንድ ሳምንት አጉረምርሞ ያልፋል። ልጁ ራሱ አልፈልግም ሲል ግን የጎማ ጡት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ዛቻ ይወጣል። ልጁ ከሌላ ከተማ ሸሽቶ ወደ አንተ ከመጣ ደግሞ ቁጥሩ ከጣሪያ ይሰቀላል። ፍላየርስ ፎርስበርግን ሲሰጡ ያልተጠየቀው ልጅ ኮሎራዶ ላይ በ1996 እና በ2001 ዋንጫ አነሳ፤ ኖርዲክስ በ1995 ከነተጫዋቾቻቸው ወደዚያ ተዛውረው ነበርና። ፊላደልፊያ ሊንድሮስን ይዛ በ1997 ለፍጻሜ ደርሳ በዲትሮይት አራቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ተጠርጋለች። ያን ሁሉ ሂሳብ የሚያስታውሱ ሽማግሌ ደጋፊዎች አሁንም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚቆጩት ስለ ፎርስበርግ እንጂ ስለ ኬቤክ አይደለም።

ባልቲሞር አቬኑ ላይ ይህን ሳወራ አንድ የአርሰናል ሰው አቋርጦኝ፣ «ቫን ፐርሲ በ2012 ማንቸስተር ሲገባ እኛ ያልነውን ብትሰማ ኖሮ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ወደዚያው ዞረ፤ ሆኪው ተረሳ።

አፐር ዳርቢ ቤታቸው ደጅ ስንደርስ ልጁ ተኝቷል። አባትየው ታቅፎት ሲወርድ ባለ 88 ቁጥሩ ጀርባ በረንዳው መብራት ሥር አንዴ ታየኝና በሩ ተዘጋ። ቲፑ ጥሩ ነበር።

እኔንም ቢሆን ንጹሕ አድርጋችሁ አትዩኝ። ጎቲዬ በዚያ የውድድር ዓመት 82ቱንም ጨዋታ ተጫውቶ 20 ጎል አግብቷል። ሃያኛዋን ያገባ ዕለት ስልኬ ላይ ብቅ ስትል ስልኩን ገልብጬ መቀመጫው ላይ ወረወርኩት።