ጎንበስ በሉ!

ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስሄድ ነው። ዘንዘልማን እንዳለፍን ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ። ሾፌራችን እጁን ከፍ አድርጎ አመሰገነ። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞረና «ወገን፣ ጎንበስ በሉ!» አለ።

አሥራ ሦስት ሰው ባንዴ ከዓይን ጠፋ። «ለምን?» ያለ የለም። ስብሰባ ተጠርቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ የታሸገ ውኃ ታድሎ ያልመጣውን አንድነት አንድ የሃያ ዓመት ልጅ በሁለት ቃል አመጣው። እኔ ወንበር ስለነበረኝ የዚህ ክብር ተካፋይ አልሆንኩም። ቢሆንም ከወገቤ ዘመም ብዬ አጋርነቴን አሳይቻለሁ።

እግሬ ሥር አንድ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ከዱካው ተንሸራቶ ቁጢጥ አለ። ባንክ የሚሠራ ይመስላል። ሰው ሰልፍ ሲያዛባ የሚቆጣ ዓይነት። ፊቱ ከአንዲት ዶሮ ጋር ገጠመ። ዶሮዋ የአንዲት እናት ናት፣ እግሯ ታስሯል። አንገቷን ግን ማንም አላሰረውም። እታች ካለው ሕዝብ ሁሉ ቀና ብላ ትራፊኩን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ትራፊኩም ጨዋ ሰው ነው። በመስኮት አየን፣ ራስ ቆጠረ። ጀርባ አይቆጠርም። «እለፉ» አለ።

ይህን ባህል ማጣጣል የሚወዱ አሉ። እኔ ግን ላመሰግን ነው ብዕር ያነሳሁት።

መናኸሪያውን በማመስገን ልጀምር። ስንወጣ ልክ 24 ሰው ነበርን። ተቆጥረናል፣ መውጫው ተመቷል፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። የቅጥቅጧ ጎን ላይም «የመጫን ልክ 2» ይላል። ከሁለቱ ቀጥሎ ያለውን አኃዝ የአርሴናል ተለጣፊ ሸፍኖታል። ሃያ አራት ይሁን ሁለት መቶ አንባቢው ይፍረድ።

ከዚያ የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። አሥራ ሦስቱ ከድልድዩ ማዶ ጀምሮ እየተለቀሙ ገቡ። መንገዱ ሲሰፋ መኪናው ጠበበ። ረዳቱ በሩን በትከሻው እየገፋ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል ተረተ። ተረቱ ሎሚውን እንጂ ፍሬኑን አልጠየቀም።

ፍትሕ አይጠየቅ እንጂ ሞልቷል። ተቀማጩም ቋሚውም የከፈለው እኩል ነው። ሞተር ላይ የተቀመጠው ወታደር ከታች እየተጠበሰ የከፈለውን ነው እኔ በመስኮት ነፋስ እየተቀበልኩ የከፈልኩት። ከዚህ በላይ እኩልነት የት ይገኛል?

የፍጥነት ቆጣሪውን አየሁት። ዜሮ ላይ ነው። በመኪናዋ ዕውቀት ገና መናኸሪያ ቆመናል። የመንገዱ ዳር ባሕር ዛፎች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። የፍጥነት መገደቢያ የሚባል ዕቃም ነበራት አሉ። ለቦሎ ምርመራ ይታሰራል፣ ሲመለሱ ይፈታል። ጎማም እንዲሁ ነው። ሊሾ ጎማ ያለው ሰው ቦሎ ሲደርስበት ጥርስ ያለውን ከጓደኛው ይዋሳል፣ ምርመራውን ያልፋል፣ አመስግኖ ይመልሳል። ልክ እንደ ዕድር ድስት። የዕድሩ ድስት እንኳ ሲሰበር ያስከፍላል።

ፊዚክስ የሚያስተምር ጎረቤት አለኝ። ከእሱ ጋር መንገድ መሄድ አይመከርም። «ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት እጥፍ እንዳይመስልህ፣ አራት እጥፍ ነው» ይላል። «ጭነቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ከተቆለለ ደግሞ ኩርባ ላይ መኪናው መተኛት ያምረዋል» ይላል። የፎገራን ሩዝ በኩንታል ከጣሪያው ላይ ሲያይ ያዛጋል፣ ሲፈራ ነው የሚያዛጋው። አንድ ቀን ደፍሮ «ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ» አለ። ተሳፋሪው ተነሳበት። «አታሟርት!» አሉት። «ከፈራህ በእግርህ ሂድ!» አሉት። ሾፌሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምን አስጨነቀው? መኪና ሙሉ ጠበቃ አለው፣ ከነትርፉ።

የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ ጎረቤቴ ማሟረት ይወዳል። በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው ይላል። ከእነዚህ መካከል ስንቱ ጎንበስ ብሎ እንደነበር ግን አልነገረንም።

ይህን ባህል ለማጥፋት ቆርጠው የተነሱት ግን አጎቴ ናቸው። ሾፌር ነበሩ፣ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቤት ውለዋል። የእሳቸው ሒሳብ እንዲህ ነው። የመኪናው ባለቤት በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ይፈልጋል። ከእሱ ያለፈው ነው የሾፌሩና የረዳቱ። ስለዚህ 24ቱ ሰዎች የባለቤቱ ናቸው፣ 13ቱ የሾፌሩ ደመወዝ ናቸው። ቅጣት ሲመጣ ግን ሁሉም የሾፌሩ ይሆናል። «ጥፋቱን ማን አዘዘው ብላችሁ ቅጣቱን ወደ እሱ ላኩት» ይላሉ። ትርፍ ጭነትና ሊሾ ጎማ በባለቤቱ ላይ ይቆጠር፣ ፍጥነት በሾፌሩ ላይ። ሾፌር በወር ደመወዝ ይቀጠር። ቆጠራው መናኸሪያ በር ላይ ብቻ አይሁን፣ መንገድ ላይም መውረጃም ላይ ይሁን። ሦስት ሰው የሚጭን ባጃጅና ሃምሳ ሰው የሚጭን አውቶቡስ በአንድ ዓይን አይታዩ፤ ብዙ ነፍስ የያዘ ብዙ ይጠየቅ።

«ታዲያ ትርፉ የት ይሂድ?» አልኳቸው፣ የያዝኳቸው መስሎኝ።

«እሱንስ ማን ጠየቀ!» አሉ። «ሐሙሲት ዳር የቆመችው ሴትዮ ቆማ መሄድ አምሯት ነው? ያለፈው መኪና ሞልቷል፣ የሚቀጥለው አይታወቅም። በገበያ ቀን መኪና ሳይጨምሩ ትርፍ መከልከል እሷን መቅጣት ነው።»

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እንዲህ ከተደረገ መብራት ብልጭ የሚያደርግልን ማን ነው? የማያውቁት ሾፌር ከሩቅ «ትራፊክ አለ፣ ተጠንቀቅ» ብሎ ሲመክር የማያባባው ማን ነው? ተጠንቀቁ የሚሉት ከገደል ሳይሆን ከትራፊክ መሆኑን እንደ ነውር የሚያነሱ አሉ። እኔ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ወረታ ልንገባ ስንል ረዳቱ ስልኩን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ገመድ አለ፣ ቆጣሪ ነው» አለ። መጎንበስ የማይሠራበት ቦታ ነው ማለት ነው። አሥራ ሦስቱ ያለ ጉርምርምታ ወረዱ። ሁለት ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት። ባንከኛው በሾፌሩ ቀኝ፣ ግማሽ ቂጡ ውጭ፣ ከረባቱ በነፋስ እየተውለበለበ እንደ ባንዲራ ሄደ። ሒሳቡን የከፈሉት እነሱው ናቸው።

እኛ 24ታችን በክብር ገመዱ ጋ ደረስን። ተቆጠርን። ሞላን። ትራፊኩ «መልካም መንገድ» አለን፤ ሾፌሩም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። ትንሽ ወጣ እንዳልን አሥራ ሦስቱ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰልፈው ጠበቁን፣ አንድ በአንድ ገቡ።

ባንከኛው መጨረሻ ገባ። ዱካው ላይ ዶሮዋ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ዶሮዋን ያንሱልኝ፣ ቦታዬ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ።

እናትየው ዶሮዋን አዩ፣ እሱን አዩ።

«እሷ እኮ አልወረደችም፣ ልጄ።»